ውሻዬ ችግኝ መንቀል የተወው ጉድጓዶቹን መመርመር ስጀምር ነው

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር መኖር ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከቤቴ ጀርባ ያለው ጓሮ ከ60 ካሬ ሜትር ባይበልጥም፣ ከመምህርነት ሥራዬ በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ አብዛኛውን ቀኔን የማሳልፈው እዚያ ነው፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርትና ጥቂት የእንሰት ተክሎች አሉኝ፣ በአጥሩ ጥግ ጌሾ፣ በመግቢያው በኩል ደግሞ ጽጌረዳ ተክያለሁ። መቻል የምንለው ውሻችን በ2014 ዓ.ም. ገና ቡችላ ሳለ ወንዶ ገነት ካሉ ዘመዶቼ ዘንድ የመጣው ግቢ እንዲጠብቅልን ነበር። ዓመት ሞልቶት ጉልበት ሲያወጣ ግን በአንድ በጋ ብቻ ሦስት የተዳቀሉ የአቮካዶ ችግኞች፣ ሁለት መደብ ጎመንና የጽጌረዳዬን ግማሽ ከነሥራቸው ነቀለብኝ። ዛሬ መቻልም ጓሮውም በሰላም አብረው ይኖራሉ። ወደዚህ ለመድረስ ግን አንድ ዓመት ያህል ስለፈጀብኝና በመካከሉ ውሻውን ያለ ጥፋቱ ስላስጨነቅሁት፣ በተመሳሳይ ችግር ላይ ያለ ሰው ከእኔ ባጠረ መንገድ መፍትሔ እንዲያገኝ ያደረግሁትን ሁሉ ለመጻፍ ወሰንኩ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ያደረግሁትን ሳስታውስ አዝናለሁ። ጠዋት ተነሥቼ ችግኝ ተነቅሎ ባገኘሁ ቁጥር ውሻውን እየጎተትኩ ወደ ጉድጓዱ አመጣውና አፍንጫውን ወደ አፈሩ እያስጠጋሁ እቆጣው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም በጨንገር መትቼዋለሁ። ጆሮውን ጥሎ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሸጉጦ ሲያቀረቅር ጥፋቱን ያወቀ ይመስለኝ ነበር። ይህ አልሆን ሲል ጎረቤቶቼ የመከሩኝን ሞከርኩ። በርበሬ በመደቦቹ ላይ ነሰነስኩ፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሣው ነፋስ ግማሹን ወደ ቤት መለሰው፣ የቀረውንም የማጠጣው ውኃ አጠበው፣ ውሻው ግን ለሁለት ቀናት ሲያስነጥስና ዓይኑን በመዳፉ ሲያሽ ሰነበተ። ቀጥሎ ከአጥሩ የቅንጭብ ቅርንጫፎች ቆርጬ በችግኞቹ ዙሪያ ሰካሁ። ይህ ከሁሉ የከፋው ስሕተቴ ነበር፤ የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ እንደሚያቃጥልና እንደሚጎዳ እያወቅሁ፣ ውሻ ሲቆፍር ፊቱን አስቀድሞ እንደሆነ አላሰብኩም። አንድ ጠዋት ግራ ዓይኑ አብጦና እንባው ሲወርድ አገኘሁት። በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥቤለት፣ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ከአራት ቀን በኋላ ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻውን የሚያሳምም ነገር በጓሮዬ እንደማይገባ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ነገሩን የለወጠው፣ ለእብድ ውሻ በሽታ ዓመታዊ ክትባት መቻልን ይዤ በሄድኩ ጊዜ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ችግሬን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ «እናቴ፣ ሌሊት ለቆፈረው ጠዋት ቢመቱት በምን እንደተመታ አያውቅም፤ የሚያቀረቅረው የእርስዎን ፊትና ድምፅ አይቶ ስለሚፈራ ነው። ለመሆኑ ጉድጓዶቹ ምን ይመስላሉ? ጥልቅ ናቸው ወይስ ሰፊ? ጥላ ውስጥ ነው ወይስ አጥር ሥር?» አለኝ። አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ከመቶ የማያንሱ ጉድጓዶች በእጄ ደፍኛለሁ፣ አንዱንም ግን በወጉ አላየሁትም ነበር።

ወደ ቤት እንደተመለስኩ ከልጄ አሮጌ ደብተር አውጥቼ ለሁለት ሳምንት መዘገብኩ፤ ጉድጓዱ የት እንደተቆፈረ፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ በስንዝር ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ እዚያ ቦታ ላይ እኔ ከዚያ በፊት ምን እንደሠራሁ ጻፍኩ። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ 23 ጉድጓዶች ተመዘገቡ፤ ደብተሩን ዘርግቼ ሳየው አንድ ዓይነት ናቸው ያልኳቸው ጉድጓዶች ቢያንስ አራት የተለያዩ ምክንያቶች እንዳሏቸው ተረዳሁ። ችግኝ የሚነቅል ውሻ ያለው ሰው ሽቦም ሆነ አጥር ከመግዛቱ በፊት ይህን ምዝገባ እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም አንዱን ጉድጓድ የሚያስቆመው ነገር ለሌላው አንዳች ፋይዳ የለውም።

የመጀመሪያው ምክንያት እኔው ራሴ ያመጣሁት ነበር። ሐዋሳ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አሞራ ገደል ማለዳ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲወጡ፣ ዓሣው እዚያው ይታረድና ጭንቅላቱ፣ አንጀቱና አጥንቱ ይጣላል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ዙሪያውን ቆመው ይጠባበቃሉ። እኔም በሳምንት አንድ ቀን ባልዲ ይዤ እየሄድኩ ያን ተረፈ ዓሣ አመጣና በየችግኙ ሥር አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሬ እቀብረው ነበር። ለአፈር መልካም ምግብ መሆኑ እውነት ነው፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለው፤ የሐዋሳ አፈር ደግሞ አሸዋማና ቀላል ስለሆነ፣ ውኃም ምግብም ቶሎ ስለሚያሳልፍ፣ ተክሉ ይህን ሲያገኝ በግልጽ ይለመልማል። እኔ አንድ ስንዝር አፈር ሸፍኜው ሽታው የጠፋ ሲመስለኝ፣ አፍንጫው ከእኔ በብዙ እጥፍ ለሚበልጠው መቻል ግን ከእያንዳንዱ ችግኝ ሥር እራት አስቀምጬ እንደጠራሁት ያህል ነበር።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ ነገር ሞከርኩ። ሁለት የቃሪያ ችግኞች በአንድ ቀን፣ በአንድ መደብ፣ በሁለት ክንድ ርቀት ተከልኩ፤ ከአንደኛው ሥር የዓሣ ጭንቅላት ቀበርኩ፣ ከሌላው ሥር ምንም አላደረግሁም። ማታ መቻልን ፈትቼ በኩሽናው መስኮት ቆሜ ጠበቅሁ። መጀመሪያ አፍንጫውን ከመሬት ሳያነሣ መደቡን ዳር ዳሩን ዞረው፤ ከዚያ ዓሣው ያለበት ዘንድ ሲደርስ ቆመ፣ ሁለት ጊዜ በኃይል ተነፈሰ፣ በቀኝ መዳፉ አንድ ጊዜ ብቻ ጫር አደረገና እንደገና አሸተተ። ከዚያ በኋላ በሁለቱም እጆቹ እየተፈራረቀ አፈሩን በኋላ እግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ሲበትን፣ ችግኙ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ሲወድቅ፣ ዓሣውን አወጣ። ችግኙን ዘወር ብሎ እንኳን አላየውም። ዓሣ ያልተቀበረበት ቃሪያ እስከ ጠዋት አንድ ቅጠል ሳይጎድልበት ቆሞ አገኘሁት። ለወራት የቆጣሁትና የመታሁት እኔ ራሴ በቀበርኩት ምግብ ምክንያት መሆኑን ያን ማታ በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ተረፈ ዓሣ በቀጥታ አልቀብርም። ክዳን ባለው የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ከሰጋቱራ፣ ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር በንብርብር እያደረግሁ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኜ፣ አልፎ አልፎ እያገላበጥኩ ለወራት አቆየዋለሁ፤ ወደ ጓሮ የሚወጣው አጥንቱ ተሰባብሮ፣ የዓሣ ሽታው ጠፍቶ፣ የአፈር ሽታ ብቻ ሲቀረው ነው። በርሜሉ ያለው ከጓሮው ውጪ ነው። የአጥንት ዱቄት፣ የከብት ደምና ያልበሰለ የዶሮ ኩስ ለሚጠቀሙም ነገሩ አንድ ነው፤ ሦስቱም ውሻን ይጠራሉ። በዚህ ላይ የዓሣ አጥንት በውሻ ጉሮሮ ሊሰነቀር ስለሚችል ጉዳዩ የችግኝ ብቻ አይደለም። በዓል ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በፋሲካና በመስቀል ሰሞን በአንድ ጊዜ ብዙ አጥንት የተሰጠው ውሻ የተረፈውን ለኋላ ብሎ ይቀብራል፣ የሚቀብረውም አዲስ በተኮተኮተና በለሰለሰ መሬት ላይ ነው። እኛ አሁን አንድ ጥሬ አጥንት ብቻ እንሰጠውና ሲጠግብ የቀረውን እናነሣለን፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ ጭራሽ አንሰጠውም።

ሁለተኛው ዓይነት ጉድጓድ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሁልጊዜም በእንሰቱ ጥላ ሥር የሚቆፈር ነበር። ጥልቀቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፣ ስፋቱ ግን ልክ እንደ ምጣድ ክብና የውሻውን አካል የሚያህል ነው፤ ውስጡ ደግሞ የተኛበት ፀጉር አለ። ይህ የሙቀት ጉድጓድ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም በየካቲትና በመጋቢት የቀትሯ ፀሐይ ከባድ ናት፤ ውሻ ደግሞ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልብም፣ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት እያለከለከ ነው። መቻል ቀን ቀን የሚታሰረው በቆርቆሮው አጥር ጥግ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ስትፈታው በቀጥታ የሚሮጠው እኔ ረፋዱ ላይ ውኃ ወዳጠጣሁት፣ ጥላ ወዳለው፣ እርጥብና ለስላሳ ወደሆነው መደብ ነበር፤ ጎመኑ እዚያ መኖሩ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እጄን እሱ የሚታሰርበት ቆርቆሮ ላይ ባደርግ ሊያቃጥለኝ ደረሰ። እዚያው ቦታ አንድ ሰዓት ተቀመጪ ብባል ልቀመጥ አልችልም ነበር።

ስለዚህ ማደሪያውን ከቆርቆሮው አንሥተን ከማንጎው ዛፍ ሥር አደረግነው፤ ጣሪያውንም በቆርቆሮ ፋንታ በእንጨትና በሣር ሠራነው። የብረት ሳሕን ውኃውን ስለሚያሞቀው ሰፊ አፍ ያለው የሸክላ ዕቃ ግማሹ መሬት ውስጥ እንዲገባ አድርገን ቀበርንለት። አትክልቱን የማጠጣበትንም ሰዓት ከረፋድ ወደ ንጋት 12 ሰዓት ቀየርኩት፤ ቀትር ሲደርስ የመደቦቹ ገጽ ደርቆ ይጠብቃል፣ ለተክሉም ይሻላል። ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን ለመቻል የራሱን መቆፈሪያ መስጠታችን ነው። ከማንጎው ሥር አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር የሚሆን ቦታ ለይተን፣ ሁለት ስንዝር ቆፍረን፣ አንድ የጋሪ ጭነት አሸዋ ሞላንበት፤ ዳሩን በጥቁር ድንጋይ ከበብነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠጋ ብሎ እንኳን አላየውም። በየቀኑ አሸዋውን ጥቂት ውኃ እያርከፈከፍኩ፣ እሱ እያየኝ አንድ ቁራጭ አጥንት በስሱ ስሸፍንለት፣ ልጄም በእጇ አሸዋውን እየጫረች ስትጠራው፣ በአሥረኛው ቀን ገደማ ራሱ ሄዶ ቆፈረ። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ቀትር ላይ የሚተኛው እዚያ ብቻ ሆነ። መቆፈር ለውሻ ተፈጥሮው ስለሆነ ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ የሚቆፍርበትን መስጠት እንደሚቀል ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

በሳምንቶቹ ሁሉ አንድ ደንብ አጥብቀን ያዝን። መቻልን ከመደብ ላይ ሲቆፍር በዓይናችን ስናይ ብቻ፣ በስሙ ጠርተን፣ ጠንከር ባለ ግን በማያስደነግጥ ድምፅ «ተው!» እንለዋለን፤ ሲያቆም ወደ አሸዋው እንወስደዋለን፣ እዚያ ሲጭር እናሞግሰዋለን፣ ጥቂት ቂጣም እንሰጠዋለን። ቆፍሮ ካቆመ በኋላ ከደረስን ግን ምንም አንለውም፤ ጉድጓዱንም የምንደፍነው እሱ ሳያይ ነው። የመጨረሻውን የማደርገው ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ደብተሬ ላይ ካሉት ጉድጓዶች ስድስቱ እኔ በዚያኑ ቀን በቆፈርኩበት ቦታ ላይ የተቆፈሩ ነበሩ። አዲስ የተገለበጠ አፈር ሽታው ልዩ ነው፣ ጌታው ጎንበስ ብሎ ሲቆፍርበት የዋለ ቦታ ደግሞ ውሻን ይበልጥ ያጓጓዋል። ስለዚህ ስተክል መቻል ከፊት ለፊቱ በር በኩል ታስሮ ይቆያል፣ ተክዬ ስጨርስም አዲሱን አፈር በደረቅ የእንሰት ቅጠል ወፍራም ጉዝጓዝ እሸፍነዋለሁ።

ቀን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ሲፈታ የተጠራቀመ ጉልበቱን የሆነ ቦታ ማውጣቱ አይቀርም። በአገራችን ውሻን ቀን አስሮ ሌሊት መፍታት የተለመደ ስለሆነ፣ ብዙ ግቢ ውስጥ ያለው የመቆፈር ችግር ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። ልጄ በየማለዳው በገመድ ይዛው በፍቅር ሐይቅ በኩል ግማሽ ሰዓት ያህል ታንሸራሽረዋለች። ከተጀመረ ሁለት ወር ሳይሞላ ሌሊት የሚቆፍረው ነገር በግልጽ ቀነሰ። ክትባቱ ያልተሟላ ውሻ ግን ከግቢ ባይወጣ ይመረጣል።

የቀሩትን ሁለቱን ምክንያቶች በአጭሩ ልንገራችሁ። በአጥሩ ሥር በቀጥታ መስመር የተቆፈሩት ወደ ውጭ ለመውጣት ነበሩ፤ በጎረቤት ያለች ሴት ውሻ በምትፈልግበት ሰሞን ብቻ ስለሚከሰቱ መቻልን አስኮላሸነው፣ በአጥሩ ሥርም ድንጋይ ቀበርን። ረዥም ቦይ የሚመስሉት ደግሞ ፍልፈል ሲያሳድድ የቆፈራቸው ነበሩ። ፍልፈል የእንሰትን ሥር የሚበላ ጠላት ስለሆነ እዚህ ላይ ውሻው በእኔ ወገን ነበር ማለት እችላለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ለፍልፈልም ሆነ ለአይጥ ብላችሁ መርዝ አታስቀምጡ፤ መርዙን በቀጥታ ባይበላው እንኳን፣ መርዙ የገደለውን አይጥ የበላ ውሻ ሊሞት ይችላል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚጠይቅ እስከዚያው ችግኙን በአካል መከላከል ያስፈልጋል። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመው የዶሮ ሽቦ ነው። በመደቡ ላይ ሽቦውን ዘርግቼ፣ ችግኙ የሚገባበትን ቀዳዳ በፒንሳ ቆርጬ፣ ሹል ጫፎቹን ወደ ታች አጥፌ፣ በላዩ ላይ አራት ጣት ያህል አፈር አለብስበታለሁ። ውሻው ሲጭር ጥፍሩ ሽቦውን ይነካና ስለማይመቸው ይተወዋል፤ አይቆስልም፣ ተክሉም በቀዳዳዎቹ መካከል ሥሩን እንደ ልቡ ይሰዳል። ለጽጌረዳዎቹ ጭብጥ የሚያህሉ ድንጋዮች ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀው ዙሪያውን ደርድሬያለሁ። ቀይ ሽንኩርቱን ግን በብሎኬት ወገብ ድረስ ከፍ ባደረግሁት መደብ ውስጥ አዛውሬዋለሁ፤ ምክንያቱም ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያፈርሱ፣ ቆፍሮ ከበላው ችግሩ ከመደብ መበላሸት ያልፋል።

በዚሁ አጋጣሚ ሰዎች ውሻን ለማራቅ ብለው በጓሮ የሚያደርጓቸውን ሌሎች አደገኛ ነገሮችም ሐኪሙ ነግሮኛል። የቡና አተላ በተክል ሥር መድፋት የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ካፌይን ለውሻ መርዝ ስለሆነ ብዙ ከላሰ ሊጎዳው ይችላል፤ እኔ አሁን አተላውን ከዓሣው ጋር በርሜሉ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ናፍታሊን መበተንም እንዲሁ መርዝ ነው። በአጥሬ ጥግ በራሱ የበቀለ ጉሎ ነበረኝ፤ ፍሬው እጅግ መርዛማ መሆኑን ስሰማ በዚያው ሳምንት አስነቅዬዋለሁ።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. አራተኛውን የአቮካዶ ችግኝ ተከልኩ፤ ከሥሩ የበሰለ ኮምፖስት፣ በላዩ የዶሮ ሽቦ፣ ከሽቦው በላይ የእንሰት ቅጠል ጉዝጓዝ አደረግሁለት። መቻል በማግስቱ መጥቶ አሸተተና አለፈው። አሁን ችግኙ ከእኔ ቁመት በልጧል። ሽቦ ለተጠቀመ ሰው መርሳት የማይገባው ሥራ ግን ይቀራል፤ ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ ሽቦው እንዳያንቀው በየስድስት ወሩ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጌ ቀዳዳውን በፒንሳ አሰፋዋለሁ፤ ይህን ስሠራ መቻል ከአሸዋው ላይ ጋደም ብሎ ያየኛል።